አያቱን የመሰለው ዘንዶ

አሜሪካ፣ ማሪዬታ ሳለሁ አከራዬ የነበሩት ሐጂ ሰይድ እባብ ሲፈሩ ልነግራችሁ አልችልም። ቦል ፓይተን የሚባሉትን ትናንሽ ዘንዶዎች እንደማረባ እያወቁ ቤዝመንቱን ያከራዩኝ፣ "እነሱም አይወጡ፣ እኔም አልወርድም" ብለው ነው። የሚያወሩኝ ደረጃው አናት ላይ ቆመው ነበር። አንዱ ወንድ ዘንዶዬ ማንም ጋ አይቼው የማላውቅ የማር ቀለም ነበረው። ቀለሙ በዘር የሚወረስ መሆኑን ፕሩቭ ለማድረግ ከተራ ሴት ጋር አዳቀልኩት። ልጆቹ በሙሉ ተራ ቡናማ ሆነው ቁጭ! ተናድጄ ልሸጣቸው ስል ሐጂ ከላይ ሆነው፣ "አንተ፣ ምን አስቸኮለህ? የልጅ ልጁ አያቱን ሊመስል ይችላል እኮ። ይሄ የኔ ቅላት የአባቴም የእናቴም አይደለም፣ የአያቴ ነው" አሉኝ።

ልጆቹን ሦስት ዓመት አሳድጌ እርስ በርስ አዳቀልኳቸው። እንቁላሎቹ መሰንጠቅ የጀመሩ ዕለት አጎንብሼ አንድ በአንድ እቆጥር ጀመር። የመጀመሪያው ቡናማ። ሁለተኛው ቡናማ። ሦስተኛውም ያው። አራተኛው አፍንጫውን ብቅ ሲያደርግ ግን ቤቱን በጩኸት አናጋሁት፤ "ማር ነው! ሐጂ፣ ማር ነው! አያቱን መሰለ!"

ቀና ስል ሐጂ አጠገቤ ናቸው። ጫማ እንኳ አላደረጉም። እንቁላሉ ላይ አጎንብሰው፣ "እኔ አላልኩህም? አላህ ያሳድገው!" አሉ። ከዚያ ትልልቆቹ ዘንዶዎች ወዳሉባቸው ሳጥኖች ዞረው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

"አያትየውስ የታለ? አውጣው እንጂ፣ የልጅ ልጁን ይይ!"