ወርቁ ግድግዳ ውስጥ ነው

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ባለሕንፃና ለዳቦ ቤት የሚሆን ሱቅ የምትፈልግ ሴት ተቀምጠው ነበር።

«ቡሬ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው አዲሱ ፎቅ የእኔ ነው። ላዩ አልጋ ቤት፣ ታቹ ሱቅ። አንዲት ሽቦ አታዪበትም።»

«በቱቦ አስገብተውት ነው አባቴ?»

«የምን ቱቦ፤ ሽቦውን ግድግዳው ላይ ዘርግተን በሲሚንቶ ለሰንነው።»

«እንዲሁ እርቃኑን?»

«ከሲሚንቶ የበለጠ ምን ልብስ አለ ልጄ?»

«እውነትዎን ነው። ሲቃጠልስ በየት በኩል ስበው ያወጡታል?»

«ለምን ይቃጠላል?»

«የእኔ የዳቦ ምድጃ ሲሰካ ትንሽ ይሞቀው ይሆናል ብዬ ነው።»

«ያኔ ግድግዳውን ፈልፍለን እናገኘዋለን።»

«በየት በኩል እንዳለፈ ያውቁታል?»

«የዘረጋው ሰውዬ ያውቃል።»

«እሱስ የት ነው?»

«መተማ ለሥራ ሄዷል አሉ።»

«ይሄማ ቅኔ ነው። ሰሙን ቀለም ቀብተውታል፣ ወርቁን የሚፈታው መተማ ነው።»

«ቅኔ ታውቂያለሽ?»

«ከየት አውቄ አባቴ። ሳይፈታ የሚነድ ቅኔ ግን ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»

እኔም አዲሱ ፎቅ ላይ አልጋ ይዤ ነበርና፣ የስልኬን ቻርጀር ወደ ቦርሳዬ ታች ገፋ አደረግሁት።