«ከሷ ጋር እሰሩኝ» ያለችው ልጅ

አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ስማር፣ በትራፊክ ቲኬት ልከራከር ኦክላንድ ፍርድ ቤት ሄጄ፣ ክፍል ተሳስቼ የሌቦች ችሎት ውስጥ ቁጭ አልኩላችሁ። ካፖርት ሰርቃችኋል የተባሉ ሁለት ልጆች ቀርበዋል፤ ሃያ ዓመት ቢሆናቸው ነው። በጠረጴዛው ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ዳኛው አንደኛዋ ላይ፣ ከዚህ በፊትም ተቀጥታ ስለነበር፣ ሩቅ ደቡብ ያለ የሴቶች እስር ቤት እንድትሄድ ፈረደባት። ሌላዋን ማስረጃ የለም ብሎ ለቀቃት። የተለቀቀችው ብድግ ብላ፣ «እኔም ሰርቄያለሁ፤ ከሷ ጋር እሰሩኝ!» አትልም? «ትዋሻለች! አይስሟት፣ ጌታዬ!» ብላ ጮኸች ያችኛዋ። ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ሁለቱንም አያቸው። «ልጄ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አላት በቀስታ። ተቃቅፈው ሲላቀሱ ፖሊሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረላቸው። ስማቸውን እንኳ ሳላውቅ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ስወጣ የተለቀቀችውን ደረጃው ላይ አገኘኋት። ወደ ደቡብ የሚሄደው አውቶብስ ከየት እንደሚነሳ ጠየቀችኝና ልሸኛት አብሬያት ሄድኩ።

«እህትሽ ናት?» አልኳት።

«አይደለችም። ፍቅሬ ናት።»

ትንሽ ከተራመድን በኋላ፣ «እዚያ አገር ዘመድ አለሽ?» አልኳት።

«አንድ አለችኝ፤ አሁን እየወሰዷት ነው» አለችኝ።