አረካ ያለችው ባለሙያ እናት

ሃሹ፣ ሃሹ! እንኳን ደህና መጣሽ፣ ግቢ ዓመሌ፣ ጫማሽን አታውልቂ። የወንድሜ ቤት ነው፣ ጭቃ ቢገባ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘሽ አይደል? ጠዋት የዳሞታ ተራራ ደመና ሲከናነብ አይተሽ ጃንጥላ መያዝ ነበረብሽ። ተይው፣ ይዝነብ። ቧንቧው እንደሆነ በሳምንት አንዴ ብቅ ይልና እንደ ሩቅ ዘመድ ሰላም ብሎን ይሄዳል። ቁጭ በይ፣ እዚህ፣ ዋንጫው ፊት ለፊት። አዎ፣ እሱ ነው። ቴሌቪዥኑ ፊት ከተቀመጠ ጀምሮ ዜና የሚያነበው ሰውዬ አንገቱ ድረስ ብቻ ነው የሚታየን።

እንኳን ደስ አላችሁ ልትዪ ነው የመጣሽው? እንኳን አብሮ ደስ አለን። የወንድሜ ሚስት ጓዳ ናት፣ ቦይናውን፣ ጎደሬውን ማለቴ ነው፣ ከእሳት እያወጣች ነው። በቅቤና በዳጣ ታቀርብልሻለች። በሩ ክፍት ነው፣ ትሰማናለች... አንቺ ሴት፣ ዓመለወርቅ መጥታለች! ... ሰምታለች። ልጅቷ? ልጅቷ ክፍሏ ውስጥ ናት። ደስታው በዝቶባት ነው መሰለኝ፣ ከሰው ጋር መነጋገር ትታለች። እዚያ ጥግ አንሶላ የለበሰው? እሱ ምንም አይደለም፣ ዕቃ ነው።

ምግቡ እስኪደርስ አንድ ነገር ላጫውትሽ። ደግሞ የዚህ ቤት ወሬ እንዳይመስልሽ! አረካ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ አታውቂያቸውም። እኔም በሩቁ ነው የማውቃቸው። እንደኛዋ አራተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለቻቸው። እንደኛዋ ጭንቅላት አላት ተብላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለተመረጡ ልጆች የተከፈተ የፈጠራ ክበብ ገብታለች። ምን ያስገርምሻል? አረካ ጎበዝ ልጅ አይወለድም?

ክበቡን የሚመራው መምህር ለየት ያለ ሰው ነው አሉ። "ሰፈራችሁን ዙሩ፣ የሚያናድዳችሁን ነገር ፈልጉ፣ በወደቀ ዕቃ መላ ፍጠሩለት" ይላቸዋል። የተገዛ ነገር ማምጣት ክልክል ነው። ይባስ ብሎ ደግሞ "ሥራው የት ላይ እንደተበላሸበት የማይነግረኝ ልጅ፣ አልሠራውም ማለት ነው" ይላል። አሁን ይኼ መምህር ነው? ልጅ ትምህርት ቤት የምንልከው እንዲሳካለት ነው ወይስ እንዲበላሽበት?

ታዲያ ያቺን ልጅ ምን ያናደዳት ይመስልሻል? የጣሪያ ውኃ። ዝናብ ሲጀምር መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ አቧራውንና የወፉን ኩስ ጠርጎ ጀሪካን ውስጥ ይገባል። በዚያ ቤት ደግሞ የባልየው እህት የምትባል አንዲት ደግ ሴት አለች። ዝናብ በጣለ ቁጥር ሮጣ ጀሪካኑን ታነሳለች፣ ጣሪያው እስኪታጠብ ቆማ ትበሰብሳለች፣ ከዚያ መልሳ ትደቅነዋለች። ልጅቷ ለእሷ አዘነች። ለአክስት የሚያዝን ልጅ እንዴት ያለ ልጅ ነው? እኔ እንጃ፣ የተባረከ ልጅ ነው ይላሉ።

ሃይላንዶች ቆርጣ አያያዘች። ያረጀ ነጠላ ጫማ በምላጭ ከርክማ ክብ አደረገችና ውስጡ ከተተችው። ቆሻሻው ውኃ መጀመሪያ ሃይላንዱን ይሞላል፤ ሲሞላ ጫማዋ ተንሳፍፋ አፉን ትደፍነዋለች፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ንጹሕ ውኃ ወደ ጀሪካኑ ይሄዳል። ገባሽ? ያቺ የባልየው እህት ቶሎ አልገባትም ነበር፣ ልጅቷ መሬት ላይ ሥላ አስረዳቻት። መጀመሪያ አፈሰሰባት። ቀጥሎ ጫማዋ አንድ በኩል ጠማማ ሆና አልደፍን አለች። ልጅቷ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጓሮ እየሮጠች፣ እየበሰበሰች፣ እየሳቀች... ሳቋ እስከ ጎረቤት ይሰማ ነበር። በመጨረሻ ሠራላት። የዚያን ቀን ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ውኃ መስታወት ነበር አሉ። አሉ ነው እንጂ እኔ የት አየሁት!

እናትየዋ ግን... ዓመሌ፣ እንዴት ያለች ባለሙያ መሰለችሽ! ንጽሕና ከእሷ ወዲያ ላሳር። ክበቡ የልጆቹን ሥራ በሚያሳይበት ኤግዚቢሽን ቀን የዞን ሰዎች ይመጣሉ ሲባል ወደ ጓሮ ወጣችና ያንን ሃይላንድ አየችው። አየችውና ደነገጠች። "የእኔ ልጅ በሰው ፊት የወደቀ ጫማ ይዛ ልትቆም ነው?" አለች። ልክ ናት! አንቺስ ብትሆኚ? ጎረቤት ምን ይላል? የቢሮ ሰው ምን ይላል? ልጄስ ምን ትላለች የሚለው... እሱ እንኳ ቀስ ብሎ ይታሰባል።

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባል የለ? ስለዚህ እናትየዋ ራሷ ልታቦካ እጅጌዋን ሰበሰበች። ሰበሰበችና... ስልክ ደወለች። የሕንፃ ሞዴል በፎም የሚቀርጽ አንድ እጀ ወርቅ አለ። የአረካን ከተማ ከነተራራዋ ሠራላት። አረካ ላይ የተራራ ጥላ የወደቀው ከየት ነው ትያለሽ? እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ባለሙያው አስቀመጠዋ! መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ፏፏቴው ይወርዳል፣ ባጃጆቹ በመስመራቸው ተሰልፈው ቆመዋል። አንቺ በመስመሩ የቆመ ባጃጅ አይተሽ ታውቂያለሽ? ዳኞቹ እዚያ ላይ መጠርጠር ነበረባቸው።

ሃይላንዱማ... ንጹሕ ሴት ናት አልኩሽ እኮ። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው ሰውዬ "ቆራሌው!" እያለ በበሩ ሲያልፍ ጠርታ አስረከበችው። ከነጫማዋ። ልጅቷ ያኔ ክፍል ውስጥ ትማር ነበር። እንዲህ ነው ቤት የሚጸዳው፣ አንቺና እኔ ግን አላወቅንበትም።

በኤግዚቢሽኑ ዕለት ልጅቷ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ የማታውቀው ከተማ አጠገብ ቆመች። "ጉድ ሞርኒንግ ሌዲስ ኤንድ ጄንትልሜን" አለች፣ ሸምድዳለች። እናትየዋ ከኋላዋ ናት፣ እናት ደጀን አይደለች? ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ዳኛ "የኔ ልጅ፣ ይኼ መብራት እንዴት ነው የሚበራው?" ሲላት፣ ከኋላ "በባትሪ ነው!" "ስትሠሪው የቱ ጋ አስቸገረሽ?" ሲላት፣ ከኋላ "ኧረ ምንም አላስቸገራትም!" አቤት መግባባት! እናትና ልጅ በአንድ አፍ ሲናገሩ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ ላይ ጨዋታዬም ይቋረጣል። ዝናብ ውስጥ እንደዚያ ስትስቅ የነበረች ልጅ፣ ሰው ፊት ቆማ እንደ ሌባ መሬት መሬት ስታይ... የባልየው እህት እዚያው ቆማ እንባዋን ዋጠች።

ከዚያ እግዜር ሲረዳ ባትሪው አለቀ። መብራቱ ጠፋ፣ ፏፏቴው ደረቀ። ያኔ ነው አሉ ያቺ ከተማ የእውነት ከተማችንን የመሰለችው። እናትየዋ "ባለሙያውን!" እያለች ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ሮጠች። ዳኛው ግን አልሄደም። ጎንበስ አለና "ሌላስ የሠራሽው ነገር የለም?" አላት።

ዓመሌ ሙች፣ ልጅቷ ቀና አለች። በእጇ አየሩ ላይ ሃይላንዱን ሠራችለት። የት ላይ እንዳፈሰሰ፣ ጫማዋ ለምን እንደጠመመች፣ በምላጭ የትኛውን ጎን እንደከረከመች... ሳትተነፍስ። እንግሊዝኛውም ቀረ፣ ሲቸግራት በወላይትኛ ጨመረችበት፣ ሰውዬው ገባው። "ለክልሉ ውድድር አርባ ምንጭ ስትመጪ እሱን ይዘሽልን ነይ" አላት። ዋንጫው ለዚያ ነው የተሰጠው። ለሃይላንዱ! እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ይባላል፤ ያ ዳኛ ግን እናቷ ዞር እስክትል ጠብቆ ልጇን አያት። እናትየዋ ስትመለስ ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ነበር፣ እጅ ነሳች። ምን ታድርግ? ሥራ ለሠሪው፣ ዋንጫ ለአሠሪው።

ልጅቷ ቤት ስትገባ ቀሚሷን ሳትቀይር ወደ ጓሮ በረረች። የለም። ስትጠይቅ ቆራሌው ወሰደው ተባለች። አላለቀሰችም፣ ብታለቅስ ይሻል ነበር። እናት ደግሞ መቼም መላ አታጣም። ያንኑ እጀ ወርቅ ደውላ ጠራችውና "ልጄ የፈጠረችውን በመስታወት ሥራልኝ፣ የሚንሳፈፈውንም የሚያምር ኳስ አድርገው፣ ስሟን በወርቅ ቀለም ጻፍበት" አለችው። ልጅቷ በሩ ሥር ቆማ ሰማች። ሰማችና ምን አለች መሰለሽ? "እንግዲያው አርባ ምንጭም አንቺ ሂጂ።" ይቺን ብቻ። ክፍሏ ገባች።

ውድድሩ የፊታችን ቅዳሜ ነው... የአረካዎቹ ማለቴ ነው። አሁንም ሃይላንድ አይጠፋም፣ ያረጀ ጫማም አይጠፋም፣ ልጅቷም እጅ አላት። የሚያስፈልገው "ራስሽ ሥሪው፣ ቢያስጠላም የአንቺ ይሁን" የሚላት ሰው ነው። የባልየው እህት ብትላት ምን ዋጋ አለው? ልጅ የምትጠብቀው ከእናቷ አፍ ነው። ይኸው ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ ነው፤ ጓሮ የሚሮጥ ልጅ ይሰማሻል? እኔም አይሰማኝም። እስቲ ያን ውኃሽን ጨርሺው፣ ሃይላንዱን ግን አትጣይው፣ ለእኔ ተይልኝ። ለምን ትያለሽ? እንዲያው ነው።

ድምፅሽን ቀንሺ ነው የምትዪኝ? ምን አልኩ? የሰው ስም ጠራሁ? አረካ ነው ያልኩት! አረካና እዚህ መሀል ስንት ጆሮ አለ ብለሽ ነው?

ውይ፣ መጣሽ የኔ እመቤት! አምጪው፣ ትሪውን ልቀበልሽ። ስለ ልጅ አስተዳደግ ነው የምንጫወተው። ምነው ዓይንሽ ቀላ? ዳጣው ነው አይደል... ዳጣ እንዲህ ነው፣ ሲፈጭ ነው የሚያቃጥለው። አየሽ ዓመሌ፣ ይህን ሁሉ ብቻዋን ነው የሠራችው፣ ማንንም አታስነካም። ቁጭ በይ እስቲ ደግሞ፣ ላንቺ የሚገባው ምርቃት ነው። እጅሽ ይባረክ። ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ። ሽበት አብቅለሽ፣ ጉልበትሽ ደክሞ፣ በልጅሽ ቤት በክብር የምትቀመጪበትን ቀን ያምጣልሽ። ያን ጊዜ ልጅሽ፣ አንቺ ዛሬ ለእሷ እንደምታደርጊላት ሁሉ፣ አንድም ሳታጎድል እንዲሁ ታድርግልሽ። ... አሜን በይ እንጂ!