የበግ ራስ የመሰከረው

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ድሬሰር ይሁኔ ይህን ተረት ከሰው አልሰማውም፤ በግራዝማች ዘርአ ዳዊት ደጅ ቆሞ ነው የተማረው። አባቱ አንኮበር ላይ ቀጥቃጭ ነበሩ። በዘጠኝ ዓመቱ አባቱ የሠሩትን ማረሻ ተሸክሞ ቢሄድ፣ ግራዝማች ከውስጥ ሆነው «እዚያው ደጅ ያስቀምጠው፤ እንዳይገባ» አሉ። ዝናብ ይጥል ነበር።

ሃያ ዓመት አለፈ። በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ይሁኔ ጫጫ ክትባት ሲሰጥ ሰንብቶ በጭነት መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ሲመለስ፣ ከከተማው መግቢያ ላይ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች አጋጠሙት። መኪናውን አስቁሞ ወረደ። ከቃሬዛው ኋላ ግራዝማች በበቅሎ ይመጣሉ፤ ሸብተዋል። ከበቅሎዋ ኋላ ደግሞ የፊጥኝ የታሰረ ሰው በገመድ ይሳባል። ገብረአብ ነው፤ ከይሁኔ አባት ወናፍ ሥር ሙያ የተማረ ማጭድ ሠሪ።

«ጤና ይስጥልኝ ግራዝማች፤ ምን ደረሰባችሁ?» አለ ይሁኔ።

ግራዝማች አላወቁትም። «ልጄን ብርሃነ መስቀልን ይህ ቡዳ በማጭድ ራሱን ፈለጠው። ትናንት ጎሕ ሲቀድ ለኪዳን እንደ ወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ካብ ሥር ወድቆ አገኘነው። ራሱን አያውቅም። እሱን ለሐኪም፣ ይህን ለወህኒ አመጣሁ።»

«ሲመታው ያየ አለ?»

«ቁስሉን እኔ አየሁት፤ ምን ምስክር ያሻል? ሠላሳ ዓመት በአጥቢያ ዳኝነት ተቀምጫለሁ። የስለት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ እንደ መስመር።»

«በዋዜማው ገበያ ላይ ተሰዳድበዋል» አለ አንዱ ተሸካሚ።

«የሰደበኝ እሱ ነው፤ እኔማ ማጭዴን ጠቅልዬ ሄድኩ» አለ ገብረአብ።

«ዝም በል» አሉት ግራዝማች።

በአገራችን ቁስል አነባለሁ የሚል ሽማግሌ ሞልቷል፤ ሲሳሳት ግን የሚታሰረው ሌላ ሰው ነው። የባለ እጅ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ባወቀ ጊዜ መጀመሪያ «ከየት አመጣው?» ይባላል። ይሁኔ ይህን ስለሚያውቅ በመንገድ ላይ አልተከራከረም።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ፣ በቅቤና በጥላሸት የተደፈነውን ቁስል በለብ ያለ ውሃ ቀስ ብሎ አጠበ። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። ከዚያም አግዳሚ ወንበር አምጥቶ ለግራዝማች ዘረጋ። ባያመጣላቸው ማን ይፈርድበት ነበር? ግን አመጣላቸው።

«ይቀመጡ። ልጅዎ አጥንቱ አልተሰበረም፤ ትንፋሹም ደኅና ነው። ግን ይህ ቁስል የስለት አይደለም።»

«አንተ ልጅ፣ ስንት ዓመት ተማርክ?»

«ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የድሬሰርነት ትምህርት ጨመርኩ።»

«እኔ ደግሞ በጦር ሜዳ ስንቱን ቁስል ያየሁ ነኝ።»

«አይተዋል፤ ሁሉንም ግን ከላይ ከላዩ ነው ያዩት» አለና ከማዶው ልኳንዳ ያልተገፈፈ የበግ ራስ ይዞ መጣ።

ግራዝማች ፈገግ አሉ። «የበግ ራስ ሊዳኘኝ ነው?»

«ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ጉቦም አይቀበልም። እስቲ በዚህ በኩል በከዘራዎ ይምቱት፤ ጠንከር አድርገው።»

መቱት። ቆዳው ቀጥ ብሎ ፈነዳ። ይሁኔ በሌላው በኩል በምላጭ ተለተለው። ሁለቱን ጎን ለጎን አሳያቸው።

«የቱ ነው የስለት?»

ግራዝማች ወደ አንዱ ጠቆሙ፤ ጣታቸውን መለሱ፤ ወደ ሌላው ጠቆሙ። በመጨረሻ «ሁለቱም ይመስላል» አሉ።

«አዩ፣ አጥንት ከሥር ባለበት ቦታ፣ በራስ፣ በቅንድብ፣ በቅልጥም ላይ ዱላ ወይም ድንጋይ ሲያርፍ ቆዳው መሄጃ ያጣና ይፈነዳል፤ ሲፈነዳም ቀጥ ብሎ ይከፈታል። አሁን የየቁስሉን ከንፈር ገልጠው ውስጡን ይዩ። በከዘራዎ የፈነዳው መካከል ከዳር እስከ ዳር ያልተበጠሱ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ ጠጕሩም ተጨፈለቀ እንጂ አልተቆረጠም። ምላጩ ግን ክር አልማረም፤ ያገኘውን ጠጕር ሁሉ ቆርጧል። አሁን ወደ ልጅዎ ይምጡ።»

ግራዝማች እጃቸውን ታጥበው በልጃቸው ራስ ላይ አጎነበሱ። ክሮቹ ነበሩ። ከሥራቸውም በካቡ ላይ የሚበቅለው የድንጋይ ሽበት ብጥስጣሽ ተጣብቋል። ይሁኔ የልጁን መዳፎች ገለበጠ፤ ተልጠው ጠጠር ገብቶባቸዋል። ክንዱ ግን አንድ ጭረት የለበትም።

«ስለት የተሰነዘረበት ሰው ክንዱን ይሰጣል፤ ስለዚህ ክንዱ ወይም መዳፉ ይቆረጣል። የወደቀ ሰው ግን መሬቱን በመዳፉ ይቀበላል። ትናንት ጧት ውርጭ ነበር?»

«ካቡ እንደ መስታወት ነበር» አሉ ግራዝማች በዝግታ። «እኔም ልወድቅ ነበር።»

ከዚያ ወጥተው የገብረአብን ገመድ ራሳቸው ይፈቱ ጀመር። ቋጠሮውን ያሰሩት ራሳቸው ናቸውና ጠብቆ አስቸገራቸው።

«ገብረአብ፣ ይቅር በለኝ።»

«እጄ ደንዝዟል ግራዝማች። ደም ይዙርበትና እንነጋገራለን።»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ግራዝማች አልሳቁም። ወደ ይሁኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ጎን ላይ ያለ ቁስል፣ አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ጥልቅ፣ ዳርና ዳሩ የተላጠና የጠቆረ፤ የጦር ነው?»

«ጦር ከንፈሩን ጥርት አድርጎ ነው የሚገባው። ዳሩን ልጦ፣ አጥቁሮ የሚገባ ብዙ ጊዜ ቀንድ ነው። ያላየሁትን ቁስል ግን አልፈርድበትም። ማን ነበር?»

«ከአምስት ዓመት በፊት ጎረቤቴ በግጦሽ ላይ ሞቶ ተገኘ። በሬው አጠገቡ ይግጥ ነበር። እኔ ጦር ነው አልኩ። ሬሳውን አጥበን በዕለቱ ቀበርን። ወልደ ሰንበት የሚባል ሌላ የአገራችን ሰው ባለ ጦር ነበርና በእኔ ቃል ታሰረ። እስካሁንም እዚሁ ከተማ ወህኒ ቤት ነው። ሚስቱ አመተ ማርያም በየጥምቀቱ ስንቅ ይዛ በደጄ ስታልፍ ሰላም ትለኛለች።»

ይሁኔ ይህን ሰው የሚያዋርድበትን ቀን ሃያ ዓመት ሲጠብቅ ኖሯል። ቀኑ መጣ። እሱ ግን ወረቀትና ቀለም አመጣ።

«ያዩትን ይናገሩ፤ እጽፋለሁ። ስለ በሬውም፣ ስለ ተላጠው ዳርም። ለፍርድ ቤቱ እንሰጠዋለን፤ የበለጠ የሚያውቅ ሐኪምም ይጠየቅበታል።»

ግራዝማች እየነገሩ ይሁኔ ጻፈ። ሲጨርሱ ማኅተማቸውን ከአንገታቸው አውጥተው አተሙበትና ተሸካሚዎቹን ጠሩ። «አገር ስትገቡ ይህን ንገሩ። የቆሰለ ሰው ሲገኝ ቅቤና ጥላሸት አይደፈንበት፤ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ለሐኪም ይምጣ። የሞተም ቢሆን ሐኪም ሳያየው አይታጠብ፣ አይቀበር። ቁስል አፍ አለው፤ እኛ ግን አፉን እየደፈንን በእሱ ፋንታ ስንናገር ኖረናል። ይህ ቢቀር የታመመው ቶሎ ይድናል፣ ደመኛው ይለያል፣ ንጹሑም ከቤቱ ያድራል።»

ከዚያ ደብዳቤውን ከደረታቸው ከትተው፣ ከፍርድ ቤቱ በፊት ወልደ ሰንበትን ሊያዩ ወደ ወህኒ ቤቱ ተነሡ። ደጁ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የቀጥቃጩ የኃይለ ገብርኤል።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «ማረሻ ይዞ የመጣው» አሉ። «ያን ቀን ዝናብ ነበር።»

ይሁኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ረስተውታል ብሎ ነበር የኖረው። የተኛውን ልጅ ለተረኛው ባልደረባው አደራ ሰጥቶ፣ ካፖርቱን አንሥቶ ተከተላቸው።