ጾም የገደፈው ጠረጴዛ

ወረታ ላይ አናጢ የሆነ ሰው «ቅባት» የሚለውን ቃል ባይናገር ይሻለዋል። እኔ ግን ለጎረቤቴ ለእትዬ ጥሩወርቅ ጠረጴዛ ሠርቼ ሳስረክብ፣ «ቫርኒሹ ሲደበዝዝ ትንሽ ቅባት ያስነኩት» ብያቸው አረፍኩት።

በሁዳዴ «ድረስልኝ! የነፍስ አባቴ ሊመጡ ነው፣ ጠረጴዛዬ ገድፏል!» ብለው ጠሩኝ። ብሄድ፣ በእኛ አገር ቅባት ማለት ቅቤ ነውና፣ የፎገራ ላማቸውን ቅቤ አንጥረው ለቅልቀውበታል፤ ቤቱ የዓውዳመት ዶሮ ወጥ ይሸታል። ቅቤውን ከነቫርኒሹ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ የተልባ ዘይት እያሸሁበት ሳለ ቄሱ ገቡ። አሸተቱ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ተልባ ነው፣ አባ።»

«ተልባማ የጾም ነው» ብለው ተቀመጡ።

እፎይ አልኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «በል ልጄ፣ ለፋሲካ ደግሞ ቅቤውን ትመልስልኛለህ» አሉኝ።