የቮልሷ አሮጌ ታርጋ

ከአዲስ ከተማ ወደ ሐይቅ ዳር በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ ሸምገል ያሉ ሰውና ወጣት ጎረቤታቸው ያወራሉ።

«ጋሼ፣ ቮልሷን ሊሸጧት ነው አሉ?»

«እሷን ማን ይሸጣል። አዲስ ታርጋ ስላወጣሁላት፣ አሮጌውን ሽጥልኝ የሚል ሰው መጥቶብኛል።»

«አሮጌ ቆርቆሮ አይደል? ሸጠው ይገላገሉ።»

«ሰውዬው ከእኔ በፊት ለባለቤቴ ሽማግሌ የላከ ነው።»

«ውይ። ታዲያ ታርጋው ምን ያደርግለታል?»

«በሠርጋችን ቀን ሙሽራዬን ከቡሹሎ ያመጣኋት በቮልሷ ነው። እሱም የሰፈሯ ልጅ ነውና ማጀብ ነበረበት፤ የአባቱን ፒካፕ እየነዳ እቤቴ ድረስ ከኋላችን መጣ።»

«መንገዱን ሁሉ ታርጋዋን እያየ?»

«እያየ። ይኸው ዛሬም ቁጥሩን በቃሉ ይጠራዋል። እኔ ስንት ዓመት ነድቻት፣ ሊብሬ ሳላይ አላውቀውም።»

«በዚህ ዕድሜ የምን ቅናት ነው ጋሼ? እትዬስ ምን አሉ?»

«ልሽጥለት ወይ ብዬ ትናንት ጠየቅኳት።»

«እሺ?»

«‹ለእሱማ አይሸጥም፤ እንዲሁ ስጠው› አለችኝ።»

መውረጃዬ በመስኮቱ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ሳልል ቀረሁ።