አያ ገብረ ኪዳን ያስቀመጧቸው አራት ጎማዎች

ባለፈው ነሐሴ ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራ ብሎ በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጋብ ሲል፣ የተነፈሰ የብስክሌት ጎማዬን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ራሂማ ጎማ ቤት አመራሁ። በሩ ላይ አንዲት ቀይ መኪና ቆማለች። በወረታ እንዲህ ያለች መኪና አንድ ብቻ ናት፤ ሁለት በር ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ስትነሳ የመንገዱን ዶሮ ሁሉ የምትበትን። የጎረቤቴ የአያ ገብረ ኪዳን ናት። አያ ገብረ ኪዳን የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት ናቸው። እሳቸው ስድሳን ሊደፍኑ ነው፤ የመኪናቸው ጠባይ ግን የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው። ይህን ፊት ለፊት ብነግራቸው ሳምንት ስለሚያኮርፉኝ እዚህ ጽፌዋለሁ።

“ምነው አያ ገብረ ኪዳን፣ በዚህ ጭቃ ሙሽራዋን ማን አስወጣት?” አልኳቸው።

“ቀልዱን ተወውና እጅህን አውሰኝ፣ ባየህ” አሉ ስሜን ጠርተው፣ ዘወር እንኳ ሳይሉ። በጋሪ ያስመጧቸውን አራት ጎማዎች እያወረዱ ነበር። አንዱን ባወረዱ ቁጥር ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ያያሉ።

የጭንቀታቸውን ምክንያት ሰፈሩ ያውቃል። ልጃቸው ብርክቲ የመጀመሪያ ልጇን በእናቷ ቤት ልትወልድ ከመጣች ወር ሆኗታል። ሐኪሙ ፅንሱ በእግሩ መምጣቱን አይቶ፣ ምልክት እንደታየ ወዲያው ባሕር ዳር እንዲያደርሷት አስጠንቅቋል። የነሐሴ መንገድ ደግሞ ይታወቃል። ትራክተሩና ጋሪው ከሩዝ ማሳው ይዘውት የሚወጡት ዋልካ አስፋልቱ ላይ ተለቅልቆ፣ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ቀይዋ መኪና ደግሞ ጎማዎቿ ጥርሳቸው አልቆ እንደ ሊሾ ወለል ልሙጥ ሆነዋል።

“ራሂማ ልጄ፣ እነዚህን ግጠሚልኝ፤ ቶሎ በይ” አሉ።

ራሂማ በባሕር ዳር የአውቶ መካኒክ ተምራ የሟች አባቷን ሱቅ የያዘች ልጅ ናት። የእጇን ቅባት በጨርቅ ጠርጋ ጎንበስ አለችና ጎማዎቹን አየቻቸው። ጥቁሮች ናቸው፤ ሰፋፊ ናቸው፤ ጥርሳቸው አንድ ቀን አስፋልት አልነካም።

“ከየት አመጧቸው፣ አባባ?”

“ከመኪናዋ ጋር አብረው የተሰጡኝ ናቸው። ስምንት ዓመት መፈልፈያው ቤት ውስጥ፣ ከሞተሩ በላይ ቆጥ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ለክፉ ቀን ብዬ ነው። ይኸው ቀኑ ደረሰ።”

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አያ ገብረ ኪዳን አዲስ ነገር መንካት አይወዱም። የቴሌቪዥናቸው መቆጣጠሪያ እስከ ዛሬ ላስቲኩ ውስጥ ነው። ብርክቲ ከሦስት ዓመት በፊት የላከችላቸው ብርድ ልብስ ከነማሸጊያው ሣጥን ውስጥ ተኝቷል፤ እሳቸው ግን አሮጌ ቀዳዳ ለብሰው ይበርዳቸዋል። ታዲያ ይህ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ደህናውን እያስቀመጥን በመጥፎው የምንኖር ሰዎች ነን።

ራሂማ ጎማውን በጉልበቷ ተጭና በሁለት እጇ ለጠጥ አደረገችው። ላዩ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ብቅ አሉ፤ ውሃው የሸሸበት የሩዝ ማሳ መስሎ ታየኝ።

“አባባ፣ ይህን አልገጥምም” አለች በቀስታ።

“ምን?”

“አርጅቷል።”

“አንድ ቀን ያልተነዳበት ጎማ እንዴት ያረጃል?”

“እርስዎ ሞፈር ጨብጠው ሳያውቁ ሸብተው የለም?” ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

“አንተ ዝም በል! የብስክሌት ጎማህን አስለጥፍ!” አሉኝ። ራሂማ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጎማው ጎን ላይ የታተመውን አራት አኃዝ በጣቷ አሳየቻቸው።

“ይመልከቱ፣ 2311 ይላል። በፈረንጆቹ 2011 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተሠራ ማለት ነው። ሲሰጡዎት ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ዛሬ አሥራ አራት ነው። የሞተሩ ሙቀት ደግሞ ከሥር አድርቆታል። ላስቲክ ቢነዱበትም ባይነዱበትም ይደርቃል። የደረቀ ጎማ እርጥብ አስፋልት አይዝም፤ ሲግልም ሊፈነዳ ይችላል።”

“ሰፊ እኮ ነው፤ ስፋቱ መሬት ይቆነጥጣል።”

“በደረቅ ጊዜ እውነትዎን ነው። ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ ግን ሰፊ ጎማ ውሃውን በጥርሱ ካላስወጣ ይንሳፈፋል። መኪናዋ የጣና ታንኳ ትሆናለች፤ መሪውን ቢያዞሩት አትሰማዎትም።”

አያ ገብረ ኪዳን ስልካቸውን አዩ። የተደወለ የለም። እንዳልተደወለ እያወቁ እንደገና አዩ።

“እሺ፣ ያን በጣም ውዱን አምጪ፤ ስሙ የገነነውን” አሉ በምሬት። “መፈልፈያዬን ሸጬ እገዛዋለሁ!”

“መፈልፈያዎን አይሽጡ። ያ ጎማ ሁለት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል። ከወረታ እስከ ሐሙሲት የትኛው አህያ ነው ያን ያህል የሚያስነዳዎት?”

“እንዲያውም ያገለገለ አለሽ? ስሙ የገነነ ሆኖ ዋጋው የቀለለ?”

“የማን መኪና ላይ እንዴት እንደኖረ ለማላውቀው ጎማ የብርክቲን ነፍስ አላስይዝም” አለችና ከመደርደሪያው አንድ ሌላ ጎማ አወረደች። “ይህ አዲስ ነው። ስሙ ብዙ አይወራለትም፤ ዋጋው የዚያን ግማሽ አይሞላም። ልኩ በመኪናዋ በር ውስጥ በኩል በተለጠፈው ወረቀት ላይ የተጻፈው ነው፤ አይሰፋም አይጠብም። ይህችን ተለጣፊ ይዩ፤ ዝናብ የተሳለባት። የእንግሊዝኛ ፊደሉ ለመጀመሪያው፣ ለኤ፣ በቀረበ ቁጥር ጎማው በእርጥብ መንገድ ቶሎ ያቆማል። ይህ ሁለተኛው፣ ቢ ነው። በእንዲህ ያለች ፈጣን መኪና ብርዎን መክፈል ያለብዎት ለመሮጡ አይደለም፤ ለመቆሙ ነው።”

አያ ገብረ ኪዳን የራሳቸውን ጎማ እንደ ልጅ ራስ ዳሰሱት። “ስምንት ዓመት ጠበቅኋቸው” አሉ። “ታዲያ በከንቱ ነው?”



ስልኩ ጮኸ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ናቸው፤ ድምፃቸው እኔ ድረስ ይሰማል። “የሽርት ውሃዋ ፈሷል! የት ነህ?”

አያ ገብረ ኪዳን ፊታቸው አመድ መሰለ። “በይ እኔ ያመጣኋቸውን ግጠሚ! ጊዜ የለም!”

“አባባ” አለች ራሂማ፤ ክሪኩን መኪናዋ ሥር እያስገባች፣ “የእርስዎንም የእኔንም ለመግጠም ጊዜው እኩል ነው። የቱን ልግጠም?”

ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደገና መምታት ጀመረ። ወደ መንገዱ አዩ፤ ጭቃውን አዩ፤ ጎማቸውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

“የአንቺን።”

እሷ ዳዶ ስትፈታ እኔ ሳቀብል፣ አራቱም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተገጠሙ። ነፋሱን ለክታ ጨረሰችና መስኮቱን ያዘች። “አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያንሸራትታል፤ ረጋ ይበሉ። ጎማው መኪናውን ያቆማል እንጂ ሹፌሩን አያስታግስም። አያ ባየህ፣ አብረዋቸው ይሂዱ።”

ቤት ደርሰን እናትና ልጅን አሳፈርንና፣ እነሱ ከኋላ፣ እኔ ከፊት ሆነን ወጣን። ብርክቲ ጥርሷን ነክሳለች። እናቷ ሚካኤልን ይጠራሉ። እኔ የመኪናውን በር ጨብጫለሁ፤ ፍሬን የሌለበት ቦታ ላይ በእግሬ ፍሬን እረግጣለሁ።

የጉማራን ድልድይ አልፈን ብዙ ሳንርቅ፣ ከማሳው የወጣ ጋሪ መንገዱን በዋልካ ለቅልቆታል። ከጋሪው በስተጀርባ አንድ ቀይ በሬ ዘው ብሎ አስፋልቱ መሐል ቆመ።

አያ ገብረ ኪዳን ፍሬኑን ረገጡ። አፍንጫዋ ዘቀጠ፤ ጎማዎቹ አጉረመረሙ፤ ጭቃው መስተዋቱን ሞላው። አንድ ጊዜ ወደ ቦዩ ልትዞር ቃጣትና ተመልሳ ቀና አለች። ቆምን። መጥረጊያው ጭቃውን ሲገልጥልን በሬው በመስተዋቱ ውስጥ እያየን ያመነዥካል።



“አባዬ” አለች ብርክቲ ከኋላ፣ “ይህ በሬ ካልቸኮለ እኔ እቸኩላለሁ።”

ባሕር ዳር በሰላም ደረስን፤ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ሴት ልጅ ተወለደች። እናትም ልጅም ደህና ናቸው።

ከዚያ ወዲህ አያ ገብረ ኪዳን ሰባኪ ሆነዋል። ሩዝ ሊያስፈለፍል የመጣውን ባለመኪና ሁሉ ጎንበስ አድርገው ጎማውን ያስነብቡታል። “ጥርሱን ብቻ አትይ፤ ልደቱን እይ! ልኩን ጠብቅ! ለስም አትክፈል፤ እርጥብ ላይ ለሚይዘው ክፈል! አዲስ ነገር የተሠራው ሊያገለግልህ ነው፤ አንተ እንድትጠብቀው አይደለም!” ይላሉ፤ ሁሉንም እሳቸው ያገኙት ይመስል። ራሂማ ስትሰማ ፈገግ ብላ ታልፋለች። አሮጌዎቹ አራት ጎማዎች ዛሬ በጓሯቸው የዘይቱን ችግኝ ከፍየል ይጠብቃሉ። የብርድ ልብሱም ማሸጊያ ተቀዷል፤ ሕፃኗ ተጠቅልላበታለች።

መፈልፈያው ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ በከሰል የጻፉት አለ። ከላይ የአራቱ አዲስ ጎማዎች ልደት፣ ከሥሩ የልጅቱ ልደት። ከጎማዎቹ በአሥር ወር ታንሳለች።

“ይህ ምንድን ነው?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“እንዳልረሳ ነው፣ ባየህ። ስድስት ዓመት ሲሞላ እሷ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ እነሱ ራሂማ ዘንድ ለምርመራ ይቀርባሉ” አሉና ከሰሉን ከእጃቸው አራግፈው፣ “እሷን የምወስዳት ግን በእግሬ ነው” አሉ።